በመካነ ሰላም ያየሁት ጡረታ የማያውቅ ሥራ

የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ወንበሩን ለተተኪ ይለቃል። የጡረታ ስሌቱም ግልጽ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰብና ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ አበሉ ይወሰናል። እኔ 34 ዓመት ስላገለገልኩ ሒሳቡ 60 በመቶ ላይ አረፈ። ስሌቱ ያልመለሰው ጥያቄ ግን ነበረኝ። ሌሊት ስልክ በጮኸ ቁጥር ጫማውን ሲፈልግ የኖረ ሰው፣ ስልኩ መጮህ ያቆመ ዕለት ምን ይሠራል?

ሥራዬ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነበር። የተማሪዎች ዶርም ፕሮክተር ሆኜ ጀመርኩ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የአደጋ ዝግጁነትና ምላሽ አስተባባሪ ተባልኩ። ስሙ ይከብዳል እንጂ ሥራው የቤት እናት የምታውቀው ዓይነት ነው። ዶርም ውስጥ ተሸሽጎ የሚለኮስ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ካፌ ውስጥ ያደረ ወጥ፣ ለሦስት ቀን የጠፋ ውኃ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ሆዷን የሚቆርጣት ተማሪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወሬ። እሳት አንድ ብሎክ ያቃጥላል፤ ወሬ ግን ግቢውን በሙሉ በአንድ ሌሊት ያነዳል።

ከሁሉም የማልረሳው የኮሮናን ሰሞን ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ ትምህርት ተቋርጦ ተማሪዎች ወደየቤታቸው እንዲሄዱ ተደረገ፤ በርካታ ግቢዎችም ለይቶ ማቆያ ሆኑ። በዚያ ሰሞን የጠቀሙን በሸራ ተጠቅልለው የተቀመጡት ዕቃዎች ብቻ አልነበሩም። የትኛዋ ተማሪ አስም እንዳለባት፣ የትኛው ልጅ የመሳፈሪያ ገንዘብ እንደሌለው፣ ማን ደግሞ የሚመለስበት ቤት እንደሌለው የሚያውቁ ፕሮክተሮች፣ ነርሶችና የጥበቃ ሠራተኞች ነበሩን። የሙያዬ እምብርት ስም ማወቅ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር፣ በ2015 ዓ.ም.፣ የመጨረሻዋ ልጄ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ወጣ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ፣ መካነ ሰላም ግቢ። ዩኒቨርሲቲው አራተኛ ትውልድ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን በደቡብ ወሎ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት። ስሙን የወሰደው አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከወደቁበት አምባ ነው። ልጄ በስሙ ኮራች። እናቷ ግን የጠየቀችው ሁላችንም ወላጆች በዚህ ዘመን አስቀድመን የምንጠይቀውን ነው፤ «መንገዱ ሰላም ነው?»

ይህ ጥያቄ ያለ ምክንያት አይነሳም። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ የታገቱትን ተማሪዎች፣ የእናቶቻቸውንም ለቅሶ የሚረሳ ወላጅ የለም። እኔ ደግሞ 34 ዓመት ሙሉ «ልጄን አደራ» ሲሉኝ ሰምቼ «ግድ የለም፣ እኛ አለን» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን አደራ የምለው እኔ ሆንኩ። ሻንጣዋን ይዤ አብሬያት ተነሳሁ።

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለአደጋ ሠራተኛ የመማሪያ መጽሐፍ ነው። ደብረ ብርሃንን አልፈን በጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ልጄ ጉም ፎቶ ታነሳለች፤ እኔ የመንገዱን ጠርዝ አያለሁ። ሸዋ ሮቢትን አልፈን አጣዬ ስንደርስ በግጭት የተቃጠሉ ቤቶች ግድግዳ ነበር። ካራ ቆሬ ላይ በ1953 ዓ.ም. የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ነገርኳት። ያን ጊዜ ካራ ቆሬ ተጎድታ፣ አጠገቧ ያለችው ማጀቴ ፈራርሳ ነበር። «አባዬ፣» አለችኝ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ነቅላ፣ «አንተ የምታውቀው ቦታ ሁሉ የሆነ ነገር የደረሰበት ነው እንዴ?» ሹፌሩ በመስታወት አይቶኝ ሳቀ።

ደሴ አደርን። ከተማዋ ከጦሳ ተራራ ሥር ብርድ ለብሳ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች ተዘርፈው፣ ላቦራቶሪዎችና ኮምፒውተሮች ወድመው ነበር። ከተማዋ ነፃ ከወጣች በኋላ ዩኒቨርሲቲው እንደገና በሩን ከፍቶ ተማሪ ተቀብሏል። ማታ ሻይ ስንጠጣ ደብተር የታቀፉ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ሲያልፉ አየሁ። በሙያችን «መልሶ ማቋቋም» የምንለው ነገር ለእኔ ያ ሳቅ ነው።

በማግስቱ ከደሴ ወደ ምዕራብ ተነሳን። መኪናው ደጋውን እየቧጠጠ ይወጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲደረስ ዛፉ ያልቃል፤ የድንጋይ ካብ፣ የገብስ ማሳ፣ ባና የተከናነበ እረኛና በጎች ብቻ ይቀራሉ። ይህ የለጋምቦ አገር ነው፤ ከተማው አቀስታ። እዚህ ከፍታ ላይ ብዙ ገበሬ የሚያርሰው በበልግ ዝናብ ነው። በልግ ሲከዳ ወይም ውርጭ ሲመታ፣ መኸርን ተስፋ የሚያደርግበት ሌላ ማሳ የለውም።

ይህን አገር ሲያልፉ ስለ ረሃቡ ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። የ1965 እና 1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ተደብቆ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፊልም አንስቶ ለዓለም አሳየው፤ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የተቋቋመውም በዚያ ማዕበል በ1966 ዓ.ም. ነበር። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ወሎ እንደገና ተመታ፤ ከዚህ አካባቢ ብዙ ቤተሰብ ለሰፈራ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋና ወደ ኢሉባቦር ተወሰደ። የአገራችን የአደጋ መከላከል ተቋም፣ ፖሊሲና ሙያ የተወለደው በአብዛኛው ከወሎ ሰቆቃ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ አደጋ ከደረሰ በኋላ እህል ከመጫን ይልቅ ሥጋቱን አስቀድሞ መቀነስ ይበልጣል ይላል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ሙያውን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። አባቶቻችን ይህንኑ «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ብለው በአንድ መስመር ጨርሰውታል።

ከአቀስታ ወዲያ መሬቱ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል፤ አፈሩ ይጠቁራል፤ የጤፍና የስንዴ አገር ይሆናል። የቦረና ወረዳ ከተማ መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ጉንደ ወይን ይወጣል። የስሟ ትርጉም የሰላም ስፍራ ማለት ነው። የደረስነው መጋቢት አጋማሹን ካለፈ በኋላ ነበር። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገናኝተው ስለነበር ከተማው በሙሉ ጾመኛ ነው፤ ቀን ላይ ምግብ ቤቶቹ ጭር ብለዋል፤ ወደ ማታ ግን የሳምቡሳው ዘይት በየደጁ መንጨርጨር ይጀምራል።

ግቢው በር ላይ ልጄን ሳስመዘግብ አመሌ አልለቅ አለኝ። የጥበቃ ሠራተኛውን «ሌሊት የሴቶች ዶርም ቁልፍ ማን ጋ ነው የሚያድረው?» አልኩት። ክሊኒኩ ማታ ክፍት መሆኑን ጠየቅሁ፤ ታማሚ ቢከፋ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል በምን እንደሚወሰድ ጠየቅሁ። ልጁ በትዕግሥት መለሰልኝ። አራተኛውን ጥያቄ ስጀምር ልጄ ክንዴን ያዘችኝ።

«አባዬ፣ ጡረታ ወጥተሃል እኮ።»

ፍራሿን አንጥፈን፣ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ገፍተን፣ ዶርሙ ውስጥ ካሉት ልጆች ጋር ተዋወቀች። አንዷ ከወለጋ፣ አንዷ ከሲዳማ፣ አንዷ ከዚያው ከወሎ። እኔ ከበሩ ውጭ ሆኜ ተሰናበትኳትና ወደተከራየሁት አልጋ ሄድኩ። ሌሊቱን ብዙ አልተኛሁም።

ሊነጋጋ ሲል ከመንገድ የሰው ድምፅ ሰማሁ። አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ እየተጣራ ያልፋል። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች። «የቅሬ ጥሪ ነው፤» አለችኝ፣ «አንዲት እናት አርፈዋል።» ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። እንግዳም ቢሆን ለቅሶ አይቀርምና አብሬያት ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት፣ በሥራ ዘመኔ በየዓመቱ በወረቀት ላይ ስነድፈው የኖርኩትን ነገር ነው። ጥሪው ካለፈ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድንኳንና አግዳሚ የሚሸከሙት መጡ። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ተለዩ። ከገጠር የሚመጡትን ዘመዶች የሚጠብቁ ሁለት ልጆች መናኸሪያ ተላኩ። መቃብር የሚቆፍሩት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሟቿ ክርስቲያን ናቸው፤ ድንኳኑን ከተሸከሙት ግማሾቹ ግን ሙስሊሞች፣ ያውም በረመዳን ውኃ ያልቀመሱ። ማንም ማንንም «እባክህ» ሲል አልሰማሁም፤ ሁሉም ድርሻውን ያውቃል። ጥግ ላይ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ በትራቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። አጠገባቸው ደብተር የያዘ ወጣት አለ። የቅሬ ዳኛው ናቸው አሉኝ።

ከቀብር በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጠን ተጨዋወትን። ቅሬው ለሞት ብቻ አይደለም። ቤት የተቃጠለበትን ጎጆ ያወጣል። ከከተማ ርቆ ያለ ታማሚ ወይም ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር ወጣቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው መኪና ወዳለበት ያደርሳሉ፤ ይህንን የጤና ሠራተኞች ራሳቸው «ባህላዊ አምቡላንስ» ይሉታል። ጥሪ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌው ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊቶችን፣ የዓይን ሕመም ያለባቸውን፣ ልጆቻቸው ዐረብ አገር የሄዱባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ በስም ቆጠሩልኝ። ደብተሩን አንድም ጊዜ አላዩም።

«አንቱስ ሥራዎ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። በትኩረት ሰሙኝና «እንግዲያ የተማሪ ቅሬ ዳኛ ነበሩ በሉኛ» አሉ። በ34 ዓመት ውስጥ ሥራዬን እንደዚህ አሳጥሮ የገለጸልኝ ሰው የለም።

«አሁንስ ለማን ሰጡት?»

«ለአንድ ወጣት።»

«ቁልፉን ብቻ ነው፣ ወይስ ሰዎቹንም?»

ጥያቄያቸው የገባኝ ወዲያው ነው። ከመውጣቴ በፊት ስድስት ወር ሙሉ ተተኪዬን ይዤ ዞሬያለሁ፤ ከእሳት አደጋ ጣቢያ እስከ ውኃና ፍሳሽ፣ ከሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል እስከ ጎረቤት ቀበሌ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ እስከ መስጊዱ ኢማም። እጅ ለእጅ አጨባብጬዋለሁ። ለምን ቢባል፣ ስልክ ቁጥር በወረቀት ይተላለፋል፤ እምነት ግን ፊት ለፊት ካልሆነ አይተላለፍም። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ፤ ሥራው አልሞተም ማለት ነው» አሉና በትራቸው ጫፍ ደብተር ወደያዘው ወጣት አመለከቱ። «እኔም ይኸው እሱን ይዤ እዞራለሁ። እኔ ግን እስክሞት አልለቅም። በኛ ዘንድ ሰው ለቅሬ የሚታጨው እኮ ጸጉሩ ሲሸብት ነው። ያኔ ነው አገሩን ያወቀው።»

ይህ ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ቢሮ ሰውን በ60 ዓመቱ «ይበቃሃል» ይለዋል፤ የወሎ ደጋ በዚያው ዕድሜ «አሁን ና» ይለዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሌሊት ደረጃ የሚሮጥ ጉልበት የወጣት ነው፤ ወንበሩም ለወጣት ይገባል። በየቤቱ ማን እንዳለ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማንን ማን ቢያነጋግረው እንደሚሰማ የሚያውቅ ግን ብዙ የኖረ ሰው ነው። ያ እውቀት ከቢሮ ጋር አብሮ ጡረታ ከወጣ ኪሳራው የአገር ነው።

ማታ ሽማግሌው ለማፍጠሪያ ቤታቸው ጠሩኝ። ለቤተሰቡ ሾርባና ተምር፣ ለእኔ ሽሮ በዘይት ተለይቶ ቀረበ። ልጄ እዚህ ዘመድ እንደሌላት አነሳሁ። ሽማግሌው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» አሉና ወጣቱን አስጠሩት። ደብተሩን ገለጠ፤ ከአባላቱ ዝርዝር በስተመጨረሻ ባለው ባዶ ገጽ ላይ የልጄን ስም፣ ስልኳንና የዶርሟን ቁጥር ጻፈ። የአልጋ ቤቷ ባለቤት ደግሞ በማግስቱ ልጄን አስጠርታ «እሑድ እሑድ ቡና እዚህ ነው የምትጠጪው» አለቻት። ልጄ አፍራ ሳቀች። እኔ ግን 34 ዓመት ስለ አደጋ ሳስብ ከኖርኩባቸው ሌሊቶች ሁሉ ያቺን ሌሊት የተሻለ ተኛሁ።

ከመመለሴ በፊት በመኪና ወደ ዓባይ በረሃ አፋፍ ወጣሁ። ምድሩ በደረጃ በደረጃ ይወርድና ታች ጭጋግ ውስጥ ይጠፋል፤ ማዶ የጎጃም ደጋ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። በዚሁ በደቡብ ወሎ ምዕራብ ደጋ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ አለ። የደንቆሮ ጫካ በውስጡ ነው፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ከልጆቻችሁ አንዱ እዚህ ከተመደበ ለጉብኝት የሚሆን አንድ ቀን ጨምራችሁ ተጓዙ።

አሁን ደግሞ እንደ ባልደረባ ሳይሆን እንደ ወላጅ ጥቂት ልምከር። ልጃችሁን ግቢ ስታደርሱ ፍራሹንና ሎከሩን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። የፕሮክተሯን ስም ጠይቁ፤ ሌሊት ቁልፉ ማን ጋ እንደሚያድር እወቁ። ልጁ ሕመም ካለበት ክሊኒኩ ውስጥ በጽሑፍ ይመዝገብ። ኔትወርክ የሚጠፋበት፣ ባትሪ የሚያልቅበት ቀን አለና የሦስት ሰው ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ቦርሳው ውስጥ ይቀመጥ። የመሳፈሪያ ገንዘብ ከኪስ ገንዘቡ ተለይቶ ይኑር፤ ያ ገንዘብ ለሻይ አይነካ። ዶርም ውስጥ ምድጃ እንዳይለኩስ አስምሉት። ደግሞም ከግቢው ውጭ አንድ ቤት ፈልጉለት፤ ዘመድ ባይሆን የዘመድ ወዳጅ፣ እሱም ባይገኝ ቡና የምታፈላ አንዲት ደግ ጎረቤት። ለጡረተኛ አያቶች ደግሞ ይህን እላለሁ፤ የልጅ ልጃችሁ ከተማ ውስጥ የማታውቁት ሰው ካለ አንድ ቀን ለመሄድ ጊዜው አላችሁ።

ልጄ አሁን እሑድ እሑድ ስትደውል ከጀርባዋ የቡና ሙቀጫ ይሰማኛል። እኔም ከመካነ ሰላም በተመለስኩ በሳምንቱ የሰፈራችንን እድር ሊቀመንበር አነጋገርኩት። ድንኳንና ሳሕን የሚመዘገብበት መዝገብ አለን፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን፣ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ፣ ሌሊት መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚመዘገቡበት ግን አልነበረንም። «እኔ ልሥራው» አልኩ። አንዲት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች የጎረቤት ልጅ ደብተሩን ይዛ አብራኝ ትዞራለች፤ ስሞቹን እሷም እንድትለምድ። እስካሁን አርባ ሦስት ቤት አንኳኩተናል።